የደረቀው ፊቱ ብቻ ነው

በአገራችን ጎርፍ አንዱን ሰፈር አጥለቅልቆ ባለፈ ቁጥር፣ የሞቱት ተለቅሰው ከተቀበሩ፣ የተፈናቀሉት ከየትምህርት ቤቱ ተነሥተው ወደየቤታቸው ከተመለሱ፣ ደለሉም በአካፋ ተዝቆ በደጃፍ ከተከመረ በኋላ፣ መከራው አልፏል፣ የቀረው የእመቤቲቱ ሥራ ነው የሚል አስተያየት በሕዝቡም በሹማምንቱም ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። በዚህ አስተያየት መሠረት በግድግዳው ግርጌ ብቅ የሚለው ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ለዓይን ነውር ነው እንጂ ለጤና ጠንቅ አይደለም፤ በበረኪና ይታጠባል፣ በቀለም ይሸፈናል፣ ዕጣን ይጨስበትና ሽታው ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ የሚያነሣ ሰው ቢገኝ ነፍሱ ስለ ተረፈች ማመስገን ሲገባው በትንሽ ነገር የሚያጉረመርም ይባላል። እኔ ይህን አስተያየት ከሥሩ ስሑት ነው እላለሁ። ስሕተቱም በቃል ክርክር ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን በየክረምቱ በሕፃናት ሳንባና በድሆች ጥሪት ላይ ዋጋ የሚያስከፍል ስለ ሆነ፣ አይቶ ማለፉ ለኅሊና የሚከብድ ነው።

ሻጋታ በግድግዳው ውስጥ ታቁሮ የቀረው ውሃ የሚወልደው ፍጥረት ነው። ወላጁ በውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልጁን በውጭ ቢፍቁት፣ ቢያጥቡት፣ ቢቀቡት ይመለሳል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ያለው ዐቢይ ሥራ ውሃውን ከቤቱ አካል ማውጣት ሲሆን፣ ማሳመርና መሸፈን ግን ከዚያ በኋላ፣ እጅግም ዘግይቶ የሚመጣ ነው። እኛ ይህን ሥርዓት ገልብጠን ይዘነዋል፤ የምቃወመውም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የዚህ አስተያየት ደጋፊዎች ዘወትር ለምስክርነት የሚጠሯትን ፀሐይን እንመርምር። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚተኛውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በእንቅልፏ ሳለች በመታት ጊዜ፣ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ በሺህ የሚቆጠሩም መጠለያ አጥተዋል። ውሃው በድንገት እንደ መጣ እንዲሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ቆላው ፈሰሰ። ከተማይቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ምድር ናትና፣ እንዲህ ያለ ፀሐይ ባለበት አገር ሻጋታ ምን ሥፍራ ያገኛል የሚለው ክርክር ለሰሚው የሚጥም ነው። ለግድግዳው ግን አይሠራም።

የጭቃ ግድግዳ ማለት ምሰሶና ማገር፣ በላዩም ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ አፈር ነው፤ ብዙ ጊዜም ዝናብ እንዳያጥበው፣ እንዲያምርም ተብሎ በውስጥና በውጭ በሲሚንቶ ይለሰናል። ውሃ በእንዲህ ያለ ግድግዳ እግር ሥር ሲቆም፣ በአፈሩ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተሳበ ጎርፉ ከደረሰበት ልክ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ከውጭ ያለው ቆዳ ፈጥኖ ይደርቃል፤ በመካከል ያለው እርጥበት ግን ከሁለት ወገን በሲሚንቶው ልስን ታፍኖ መውጫ ያጣል፤ በዚያም ጨለማ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ማገሩ ይለሰልሳል፣ ምስጥ ይገባል፣ ሻጋታም ያለ ከልካይ ይስፋፋል። በብሎኬት የተሠራውም ቤት ከዚህ አያመልጥም፤ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነውና ውሃው በየቀዳዳው ገብቶ ከታች ይቀመጣል። ፀሐይዋ የግድግዳውን ፊት አድርቃ ባለቤቱን ታታልለዋለች፤ እርሱም እጁን በግድግዳው ላይ አሳርፎ ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው ቀለም ሊገዛ ይሄዳል።

የማየ አይኅን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ሰዎች ይህን ማስተዋል ይገባን ነበር። ኖኅ በ601ኛው ዓመት፣ በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን የመርከቢቱን ክዳን አንሥቶ ሲመለከት የምድር ፊት ደርቆ አየ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ አልወጣም። ምድር ራሷ የደረቀችው በሁለተኛው ወር በ27ኛው ቀን ነው፤ ውጣ የሚለው ትእዛዝም የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። በፊቷ መድረቅና በሁለንተናዋ መድረቅ መካከል ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። መተርጉማን ስለዚህ ቦታ ብዙ ምሥጢር ሊናገሩ ይችላሉ፤ እኔ በበኩሌ ከምሥጢሩ በፊት ያለውን ግልጽ ነገር፣ ይኸውም ከጥፋት ውሃ የተረፈ ሰው ላየው ደረቅ ገጽ አምኖ እንዳልተቻኮለ፣ ለጎርፍ ተጎጂዎች ሁሉ ሊነገር የሚገባው ትምህርት አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ መዘግየት የሚገባው መዝጋቱ ነው እንጂ ማውጣቱ አይደለም። የረጠበ ነገር ሻጋታ ለማብቀል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃው እንደ ወረደ በዚያው ቀን ፍራሹ፣ ስጋጃው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የረጠበው መጽሐፍና ልብስ ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት፣ መስኮትና በሩ ወለል ብሎ መከፈት፣ ደለሉም ሳይደርቅ መዛቅ አለበት። የእኛ ልማድ ግን በዚህም ተቃራኒውን ይዟል፤ ዕቃው ይሰረቃል ብለን በረጠበው ቤት ውስጥ ቈልፈንበት እንሄዳለን፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሊዘገይ የሚገባውን ቀለም ለመቀባት እንጣደፋለን።

ይህ የደካማ አገር ጭንቀት ነው፣ ኃያላኑ መንግሥታት እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር አይጨነቁም የሚል ቢኖር፣ የኒው ኦርሊንስን ነገር ያስታውስ። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ዳርቻ መትቶ የከተማይቱ የጎርፍ መከላከያዎች በተናዱ ጊዜ፣ ከከተማይቱ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተውጦ ነበር፤ ውሃው በፓምፕ ተስቦ እስኪያልቅም ሳምንታት ፈጅቷል። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል 112 ቤቶችን ሲያስመረምር፣ በ51ዱ ሻጋታ በዓይን ታየ፤ በ19ኙ ደግሞ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ የተከተለውን ሥራ ልብ ማለት ይገባል። ባለቤቶችና ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞች አፋቸውንና አፍንጫቸውን ሸፍነው እየገቡ የረጠበውን የጂፕሰም ግድግዳ፣ በግድግዳው መካከል የተጠቀጠቀውን የሙቀት መከላከያና የወለሉን ምንጣፍ እየነቀሉ በየመንገዱ ዳር ከመሩት፤ ስንቱም ቤት ከምሰሶና ከጣራ በቀር ምንም ሳይቀረው ተራቁቶ ለነፋስ ተተወ። በዚያ አገር ቀለምና በረኪና ጠፍቶ አልነበረም። የጂፕሰሙ ልባስ ወረቀት ስለ ሆነ ሻጋታ ይመገበዋል፣ የእኛ ቤት ግን የወረቀት አይደለም የሚለውም መልስ አያድንም፤ የእኛ ጭድ፣ የእኛ ቺፑድ፣ የእኛ የአቡጄዲ ኮርኒስ ለሻጋታ ከወረቀት ያነሰ ምግብ አይደለም።

ሻጋታ በጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከልክ በላይ መናገርም አልሻም፤ ያየው ሰው ሁሉ ይሞታል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ሐሰትም እውነቱን ያስንቃል። የታወቀው ይህ ነው፦ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም.፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2001 ዓ.ም. ያሉትን ጥናቶች ሁሉ መርምረው፣ በእርጥብና በሻገተ ቤት መኖር ከሳል፣ ከአፍንጫና ከጉሮሮ መቈጣት፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ከማለትና ከአስም መባባስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቀዋል። ለእኛ አገር ደግሞ ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ በሳንባው ላይ ባዶ ቀዳዳ ይቀርበታል፤ አስፐርጊለስ የተባለው የሻጋታ ወገን ዘሩ በትንፋሽ ገብቶ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሊበቅል፣ ሰውየውንም ዳግመኛ ደም ሊያስተፋው ይችላል። ነቀርሳ በብዙ ቤት ገብቶ በወጣበት አገር ይህን እያወቁ የተጎጂውን ሰው ግድግዳ የዓይን ነውር ብቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ገና ያልጠነከሩ ሕፃናትና አረጋውያንም ከዚህ ዓይነቱ ክፍል ሊርቁ የሚገባቸው ናቸው፤ ነገር ግን ክፍሉ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት ወዴት ይርቃሉ?

በረኪናን በተመለከተ ጠላትነት የለኝም። ጎርፍ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ ጠርጎ ይዞ ይገባልና፣ ሲሚንቶ ወለሉን፣ ሸክላውን፣ የብርጭቆና የብረት ዕቃውን በሳሙና ካጠቡ በኋላ በውሃ በተበረዘ በረኪና ማጽዳት ተገቢ ነው። ስሕተቱ ይህን ለጠንካራ ገጽ የተዘጋጀ መድኃኒት በሚመጥ ግድግዳ ላይ ማፍሰስ ነው። ከውስጡ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ውሃው ወደ ግድግዳው ሰርጎ ለሻጋታው መጠጥ ይሆናል፤ ክሎሩ ግን ከላይ ቀርቶ ቀለሙን ብቻ ያነጣዋል። ባለቤቱ ጥቁሩ ነጥቶ ሲያይ ሞተ ይላል፤ ሥሩ ግን በደኅና አለ። ቢሞት እንኳ የሞተው ሻጋታ ብናኝ ሆኖ በትንፋሽ ሲገባ መጉዳቱን አይተውም፤ ስለዚህ መወገድ እንጂ መገደል አይበቃውም። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ አንዳንዶች ኃይል ይጨምርለታል ብለው በረኪናውን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀላቸው ነው፤ ከዚህ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን ራሱን ይጥላል።

ኖራ ከዘይት ቀለም ይሻላል፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳልና፣ ጠባዩም ሻጋታን ይቃወማል። ነገር ግን በረጠበ ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ እየተላጠ ይወድቃል። የዘይት ቀለም ግን ፈጽሞ የከፋ ነው፤ በሲሚንቶው ልስን ላይ ሌላ ክዳን ጨምሮ ውሃውን ለዓመታት ያቁረዋል። አከራዩ ቤቱን በዘይት ቀለም አስውቦ ለአዲስ ተከራይ በሰጠ ጊዜ፣ ያ ተከራይ የልጁን ሳል ከብርድ ይቈጥረዋል፤ የጎርፉን ታሪክ የሚነግረው የለምና።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተሠራውን ሥርዓት ያነበበ ሁሉ፣ የጥንቶቹ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ይህን ነገር አክብደው መያዛቸውን ይረዳል። በግድግዳው ላይ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ ነገር ጠልቆ የታየበት ባለቤት ለካህኑ ያስታውቃል፤ ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ በሰባተኛው ቀን ካህኑ ተመልሶ ያያል። ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ ደዌ ያለባቸው ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፣ ቤቱ በውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፣ የተፋቀውም አፈር እንዲሁ ይጣላል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ መመረጉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደግሞ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የካህኑ ተመልሶ መምጣት ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ፈርዶ አልሄደም፤ ቀን ቈጥሮ ተመለሰ፣ ከምርጊቱም በኋላ ደግሞ ተመለሰ። ዛሬ ጉዳት ለመመዝገብ የሚመጣ ኮሚቴ ስንት ጊዜ ይመለሳል?

አባቶቻችን በእርጥብ ቤት ኖረው ዕድሜ ጠግበው አልሞቱምን የሚለው ክርክር ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚወደድ ዝም ብዬ አላልፈውም። አባቶቻችን በመጀመሪያ ቤታቸውን በወንዝ አፍ ላይ አይሠሩም ነበር፤ ጉብታ ይመርጡ ነበር። የሣር ክዳን ያለው ጎጇቸው በመካከሉ ዘወትር እሳት ይነድበት ስለ ነበር፣ ጢሱ ዓይንን ቢያቃጥልም፣ ሳንባንም ቢጎዳም፣ ግድግዳውንና ክዳኑን ያደርቅ ነበር፤ የጭቃው ምርጊት ሲሚንቶ ስለሌለበት በሁለት ወገን ይተነፍስ ነበር፤ በየዓመቱም ለበዓል ተፍቆ በአዲስ ጭቃ ይለቀለቅ ነበር። እኛ ምድጃውን ከመኖሪያው አውጥተን፣ ቆርቆሮ ከድነን፣ ሲሚንቶ ለስነን፣ መስኮቱንም ሌባ ፈርተን ዘግተን ስናበቃ የእነርሱን ጤና እንጠይቃለን። ደግሞም ሁሉም ዕድሜ ጠግበው አልሞቱም፤ በሕፃንነታቸው በሳል የሞቱት ዘር ስላልተኩ ታሪካቸውን የሚያወራላቸው የለም።

ጎርፍ ከግድግዳው በቀር በጎተራውም ይገባል፤ ይህን የማነሣው በከተማ ያለ ጸሐፊ ስለ ግድግዳ ብቻ ሲከራከር የባላገሩን ቤት እንዳይረሳ ነው። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከዳርቻው ወጥቶ የፎገራንና የደምቢያን ሜዳ በሸፈኑ ጊዜ፣ እንደ ድሬዳዋ ጎርፍ በሰዓታት አላለፈም፤ በሜዳው ላይ ተኛ። በጭቃ በተሠራ ጎታ ውስጥ ያለ እህል በእንዲህ ያለ ውሃ ከረጠበ በኋላ፣ ባለቤቱ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ የሻገተውን አበራይቶ፣ ፈጭቶ ይበላዋል፤ በጣም የከፋውን ለጠላና ለአረቄ፣ የባሰውንም ለከብት ይሰጠዋል። በዚህ ሻጋታ ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን በማጠብ አይወጣም፣ በምጣድ ሙቀትም አይጠፋም፣ ላሟ ከበላችውም በወተቷ ይወጣል፤ ጉበትን ይጎዳል፣ በጊዜ ብዛትም የጉበት ካንሰርን ያመጣል። በምሥራቅ ኬንያ በ1996 ዓ.ም. ሳይደርቅ በየቤቱ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። እህሉን ጣል ማለት ለተራበ ሰው ጭካኔ ነው ይሉኛል። ጭካኔው ግን የረጠበውን እህል በአዲስ እህል ሳይተኩለት፣ በጎታው ያለውን እየቈጠሩ ይህ ሰው ሲሳይ አለው ብለው ከመዝገብ መሠረዝ ነው።

ወደ ዋናው ተቃውሞ ደረስኩ። ድሃ ሰው ሁለት ወር የት ተቀምጦ ግድግዳውን ያድርቅ? ፍራሹን ከጣለስ በምን ላይ ይተኛ? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ማስረጃ የሚሆነው ለእኔ ነው። የድሃው መቸኰል የሚያሳየው ዕርዳታው ቀድሞ ማለቁን ነው። ስንዴና ብርድ ልብስ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃሉ፤ ጎርፉ ግን በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ሁለተኛውን ወር ይጠብቃል። በከተማ ደግሞ የቀበሌ ቤት ጉዳይ አለ፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ባለቤትነቱን ከግለሰብ አንሥቶ ለሕዝብ ካደረገ ወዲህ፣ በእነዚህ ያረጁ የጭቃ ቤቶች የሚኖረው ተከራይ ቤቱ የእኔ አይደለም ሲል፣ ባለቤት የተባለውም አካል ኪራዩ ለጥገና አይበቃም ሲል፣ ምሰሶው በመካከላቸው ይበሰብሳል። ቤቱ የሕዝብ ከሆነ የማድረቁ ዕዳም የሕዝብ ነው፤ ይህን ሐተታ አያስፈልገውም።

የምጠይቀውም ከአቅም በላይ አይደለም። የተረጂዎች መጠለያ የሚዘጋበት ቀን በቤቶቹ መድረቅ ይወሰን እንጂ በትምህርት ቤቱ መከፈቻ ብቻ አይወሰን፤ ትምህርት መጀመሩ ግድ ከሆነ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሰጥ። ከስንዴው ጋር መፋቂያ፣ አካፋ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት ይታደል፤ ሕዝቡም የረጠበውን ልስን ውሃው ከደረሰበት ምልክት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ እንዲያነሣ፣ ብናኙ እንዳይነሣም ውሃ እየረጨ እንዲፍቅ ይነገረው። በውሃ የራሰ የስፖንጅና የጥጥ ፍራሽ ይጣልና ሌላ ይተካ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ የሊቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ክንድ የሚያህል ንጹሕ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር በግድግዳው ላይ ለጥፎ ማሳደር ይበቃል፤ በማግሥቱ ከላስቲኩ ሥር ጠል ከታየ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ጉዳት መዝጋቢው ኮሚቴም በመጀመሪያው ሳምንት እንደ መጣ እንዲሁ በሁለተኛው ወር ይምጣ፤ ላስቲኩን በየቤቱ ለጥፎ አሳድሮ ይመልከት፤ ጠል ያገኘበትን ቤት ድኗል ብሎ አይፈርም።